ኮች ደምሴ የሄደበት ዓመት

ባለፈው ወር ለሥራ አዳማ ሄጄ፣ ከገበያው በላይ ባለች ጠባብ መንገድ ሳልፍ የስፌት መኪና ዘይት ሸተተኝ። ዘይቱ ብቻውን አልነበረም፤ ውሃ የተረጨበት አዲስ ጨርቅ ላይ ትኩስ ካውያ ሲያርፍ የሚወጣው እንፋሎትም አብሮት አለ። አንድ ወጣት ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ አንገቱን ደፍቶ ሱሪ ያሳጥራል። ቀና ብሎ "ምን ልታዘዝ እህቴ?" አለኝ። ቦርሳዬን እየነካካሁ ቆምኩ። "ይቅርታ፣ ቤት ተሳስቼ ነው" ብዬው ሄድኩ። ግን አልተሳሳትኩም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ የኖርኩት እንዲህ ባለ ሽታ ውስጥ ነው።

ያኔ የምኖረው ከአባቴ ታላቅ እህት ጋር ነበር። ስሟ ሌንሳ ነው፤ እኔ ግን በኦሮምኛ የአባት እህት እንደምትጠራው አዳዳ እላታለሁ። እናቴ ያረፈችው ገና ድክ ድክ ስል ነው። አባቴ ጉታ የጅቡቲ መስመር የተሳቢ መኪና ሹፌር ነበር። በአዳማ ሲያልፍ መኪናውን ዋናው መንገድ ዳር አቁሞ ይመጣል፤ ቴምርና ብስኩት ያቀብለኛል፣ "አደግሽ እኮ!" ይለኛል፣ ረዳቱ ጥሩምባ ሲነፋለት ተነስቶ ይሄዳል። በመጣ ቁጥር "አደግሽ እኮ" ስለሚለኝ፣ እኔ የማድገው እሱ ሲመጣ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አዳዳ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ ያረጀ ልብስ ትጠግናለች። የእኔ ሥራ መተርተር ነው። የጠበበ ቀሚስ ሲመጣ፣ እጅጌ ሲያጥር፣ ግማሽ ምላጭ ይዤ ስፌቱን ክር በክር እፈታዋለሁ። ጨርቁን ሳይነኩ ክሩን ብቻ መበጠስ ነው ጥበቡ። ከትምህርት ቤት መልስ፣ ፀሐዩ የጣራውን ቆርቆሮ ቋ ቋ ሲያደርገው፣ ነፋሱ የመንገዱን አቧራ አፍሶ በረንዳችን ላይ ሲደፋው፣ እኔ የእንጨት ሳጥን ላይ ተቀምጬ እተረትራለሁ። አዳዳ ትሰፋለች። ሬዲዮው ስለ ኳስ ያወራል።

የአዳዳ የኳስ ፍቅር ለብዙ ሰው ግራ ነበር። ሃምሳን ያለፈች፣ ወፈር ያለች፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት፤ በዚያ ላይ ጴንጤ፣ የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን አባል። እሑድ ጠዋት ዓይኗን ጨፍና ስትዘምር ታረፍድና፣ ከሰዓት ያንኑ ድምፅ ይዛ ስታዲየም ትገባለች። ክለባችን አዋሽ ጮራ ይባላል፤ መለያው ብርቱካንማና ነጭ ነው። የደጋፊው ባንዲራ ሁሉ የወጣው ከእሷ መኪና ሥር ነው። አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን ፊሽካ ካልነፋች ዘፈን አይጀመርም። አንድ ቀን ፓስተራችን "እህት ሌንሳ፣ ድምፅሽን ለጌታ ብታቆዪው ምናለ" ቢሏት፣ "ፓስተር፣ ጌታ የሰጠኝ ድምፅ ተርፎኝ እኮ ነው" አለቻቸው።

ኮች ደምሴ ክለቡን ሲይዝ ቡድኑ ከታችኛው ሊግ መውጣት አቅቶት ይማቅቅ ነበር ይባላል። እኔ ያንን አላስታውስም። እኔ ነፍስ ሳውቅ ቡድኑ ከትልልቆቹ ጋር የሚጫወት፣ ከተማው ደግሞ የኮች ደምሴ ነበር። ባጃጆች የኋላ መስታወት ላይ ፎቶው ተለጥፏል። ጸጉር ቤት ገብተው "እንደ ኮች አድርግልኝ" የሚሉ ጎረምሶች ነበሩ፤ ኮች ግን መላጣ ነው። አንቱ የሚለው ሰው አልነበረም። አንቱታ ለሩቅ ሰው ነው፤ እሱ የቤት ሰው ነበር።

የተቀደዱ የልምምድ ሰደርያዎችን ለማሰፋት ራሱ ነበር የሚመጣው፣ በጥቁር ፌስታል ይዞ። ያልተሰፋ ጨርቅ ክምር ላይ ቁጭ ይላል፤ አዳዳ ከጎረቤት ጭማቂ ቤት ቀዝቃዛ ፓፓያ ታስመጣለታለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ምንም ሳይስቅ፣ "ቢፍቱ፣ እሑድ ማንን ላሰልፍ?" ይለኛል።

"ሰባት ቁጥርን" አልኩት አንድ ቀን።

"ለምን?"

"ሲወድቅ አያለቅስም።"

ትንሽ አሰበና "እሱስ እውነት ነው" አለ። እሑድ ሰባት ቁጥር ከመጀመሪያው ተሰለፈ። ያን ዓመት ሙሉ የቡድኑን አሰላለፍ የማወጣው እኔ እንደሆንኩ አውቅ ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም። የሥራ ምስጢር ነው።

የካቲት አልቆ ሙቀቱ የበረታ ሰሞን ነው። አዳዳ ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ እኔ እተረትራለሁ። የሬዲዮው ስፖርት አንባቢ፣ ስለ ሌላ ነገር ሲያወራ በነበረበት ድምፅ፣ "የአዋሽ ጮራ ዋና አሰልጣኝ ደምሴ፣ በውድድር ዓመቱ መጨረሻ የሚያበቃውን ኮንትራታቸውን እንደማያድሱ አስታወቁ" አለ። የአዳዳ እግር ፔዳሉ ላይ ቀጥ አለ። መኪናው በራሱ ጥቂት ዞረና ክሩን በጠሰው።

እኔ የማውቀው ኮንትራት አንድ ብቻ ነው። ከሰው ጋር መጋፋት የማይፈልግ ሰው ባጃጅ ያስቆምና "ኮንትራት ውሰደኝ" ይላል፤ ብቻውን እግሩን ዘርግቶ ይሄዳል። እኛ ኮንትራት የምንሄደው አዳዳ ጉልበቷን ሲያማት ነው።

"አዳዳ፣ ታዲያ ምናለ?" አልኳት። "ኮንትራት ካልፈለገ ከሰው ጋር ተጋፍቶ ይሂድ።"

አየችኝ። ከንፈሯ መሃል ስፒል እንደያዘች መሳቅ ጀመረች። ሳቁ መሃል ላይ ሲደርስ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ስፒሎቹን አንድ በአንድ አውጥታ ጨርቁ ላይ ሰካቻቸውና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። "ሊሄድ ነው፣ ቢፍቱ" አለችኝ። "ጥሎን ሊሄድ ነው።"

በማግስቱ ከተማው የለቅሶ ቤት መሰለ። ጭማቂ ቤቱ ውስጥ ሰዎች ብርጭቆ ይዘው ሳይጠጡ ይከራከራሉ። "አዲስ አበባ ትልቅ ክለብ ጠርቶታል" ይላል አንዱ። "ከአመራሩ ጋር ተጣልቶ ነው" ይላል ሌላው። "ስንት ዓመት ዘፈንንለት! ምን አጎደልንበት?" የሚል አንድ ባጃጅ ነጂ ነበር፤ ይህን እያለ የኮችን ፎቶ በጥፍሩ ከመስታወቱ ላይ ይፍቃል። የለቀቀው ግን ግማሹ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያ ባጃጅ መላጣ ግንባርና ሁለት ዓይን ለጥፎ ነበር የሚዞረው።

የዚያ ሳምንት ጨዋታ ላይ ደጋፊው ተማክሮ ዝም አለ። ስድብም ዘፈንም የለም። ስታዲየም ዝም ሲል የሚሰማውን ያን ቀን ነው ያወቅኩት፤ ኳስ ሲመታ፣ ተጫዋቾች ስም ሲጠራሩ፣ ሸንኮራ ሻጩ ሲከትፍ። አዳዳ ፊሽካዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ቦርሳውን ጭኗ ላይ አቅፋለች። ኮች በመስመሩ ዳር እየተመላለሰ አንድ ሁለት ጊዜ ወደ እኛ ቀና አለ። ተሸነፍን። ሲወጣ አንገቱን አልደፋም፤ ግን እጁን እንደ ወትሮው አላነሳም። ሰባት ቁጥር እያለቀሰ ነበር። እኔ ያሰለፍኩት እሱን ነበርና በጣም ተከፋሁ።

ከስታዲየም ስንወጣ አዳዳን ሁለት ሰዎች ያዟት። አንዱ ሐጂ ከድር ናቸው፤ ለባንዲራ የሚሆነውን ጨርቅ ከሱቃቸው የሚሰጡት። ሌላው ጋሽ ወርቁ፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ፤ ለክለቡ ጨዋታ ከአሰላ መንገድ ማዶ በከዘራ የሚመጡ። ቆመው ሲንሾካሾኩ ቆዩና ሐጂ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "እንግዲህ ሽማግሌ ይላክበት!" አሉ።

ቤት እስክንደርስ ስለዚህ ነገር አሰብኩ። ሽማግሌ የሚላከው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ልታገባ ስትል ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ ለብሰው መጥተው ነበር። አዳዳ ደግሞ ባል የላትም።

"አዳዳ።"

"ወዬ።"

"ኮችን ልታገቢው ነው?"

እንዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። አጥር ይዛ ቆመች። "ዋቃዮ! ይቺን ልጅ ማን ነው የወለዳት!" አለች። በኋላ ላይ ግን ማታ ራት ስንበላ "ሽማግሌ የሚላከው የምትፈልጊው ሰው እንዳይርቅሽ ነው" ብላ አስረዳችኝ። ይህ ከጋብቻ በምን እንደሚለይ አልገባኝም። አሁንም ቢሆን በደንብ አልገባኝም።

ኮች ቤት እስከምንሄድበት ቀን አዳዳ ትልቅ ባነር ሰፋች። ሐጂ ከድር ነጩን ጨርቅ በጣቃ ላኩ። ብርቱካንማ ፊደሎቹን እኔን አስተኝታ በቁመቴ ልክ ነው የቆረጠቻቸው፤ "ኮች አትሂድ" ይላል። "አ" እና እኔ እኩል ነበርን።

ኮች የሚኖረው ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ግቢ ውስጥ ባለች አንድ ክፍል ቤት ነው። እንደዚያ የሚዘፈንለት ሰው ፎቅ ውስጥ የሚኖር መስሎኝ ነበር። ስንደርስ ደጃፉ ላይ በሳፋ ካልሲ ያጥባል። ሐጂ ከድር ጥምጣማቸውን አስተካክለዋል፣ ጋሽ ወርቁ ኮት ለብሰዋል፣ አዳዳ የእሑድ ቀሚሷን። እኔን የወሰደችኝ ቤት የሚጠብቀኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ኮች አረፋውን ሱሪው ላይ ጠርጎ "ግቡ፣ ግቡ" አለ።

ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበርና ኳስ የሞላበት የመረብ ከረጢት አለ። "ተቀመጡ" ቢል ማንም አልተቀመጠም።

"ቃላችንን ሳትሰማ አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ወርቁ ከዘራቸውን ተክለው።

"ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ ቆመው እኔ..."

"ቆመን ነው የመጣነው፣ ቆመን ነው የምንለምንህ" አሉ ሐጂ። "ደምሴ ልጄ፣ ይህ ከተማ ከአንተ በፊትም ከተማ ነበር። ግን እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የሚሄደው ሰው አንድ ቦታ የሚገናኘው አንተ ካመጣኸው ነገር በኋላ ነው። አጥፍተንም ከሆነ እንካስሃለን። አትሂድብን።"

ኮች ግድግዳውን ተደገፈ። እጁ ላይ አንድ እርጥብ ካልሲ ቀርቷል።

"አላጠፋችሁም" አለ በመጨረሻ። "ሌላ ክለብም አልጠራኝም። አዳሚ ቱሉ ነው የምሄደው።"

"አዳሚ ቱሉ ክለብ አለ እንዴ?" አለች አዳዳ።

"ሚስቴ አለች። እዚያ የእርሻ ምርምር ላይ ነው የምትሠራው። ልጄም እዚያው ናት፣ ሊያ። ስድስት ዓመቷ ነው።"

"ታዲያ ወደዚህ አምጣቸዋ!" አሉ ጋሽ ወርቁ። "ቤት እኛ እንፈልጋለን።"

"ሚስቴ የሽንኩርት ዘር ነው የምታወጣው ጋሼ። ዘሩ ያለው እዚያ ነው። እኔ ኳሴን ይዤ ልሄድ እችላለሁ፤ እሷ መሬቱን ይዛ አትመጣም።" ካልሲውን መጠምዘዝ ጀመረ፤ ውሃው መሬቱ ላይ ጠብ ጠብ አለ። "ባለፈው ቤት ሄጄ ነበር። በሩን ስከፍት ልጄ ለጓደኛዋ 'ኮች መጣ!' አለቻት። አባቴ አላለችም፤ በቴሌቪዥን የሚሉኝን ነው የምታውቀው። እሺ፣ ይሁን አልኩ። ማታ ላስተኛት ስል ግን ምን አለችኝ መሰላችሁ? 'ጠዋት ስትሄድ በሩን ቀስ አድርገህ ዝጋው፣ እንዳታስነሳኝ።' አልከፋትም እኮ። ተቆጥታም አይደለም። ለምዳዋለች። መልመዷ ነው የገደለኝ።"

ጋሽ ወርቁ መሬት መሬት አዩ። አዳዳ ግን ለመለመን ነበር የመጣችውና አፏ ቀደማት። "ኮች፣ ሁሉም ይገባናል። ግን አንድ ዓመት፣ አንድ ዓመት ብቻ ጨምርልን። ልጆቹ እኮ ለዋንጫ ደርሰዋል፤ መሃል ሜዳ ላይ ጥለሃቸው..."

"አዳዳ፣ ይሂድ።"

የተናገርኩት እኔ ነኝ። ድምፄን ከሰዎቹ ጋር እኩል ነው የሰማሁት። ሁሉም ዞሩ። ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ ገብቼ አላውቅም፤ አዳዳ በዓይኗ ልትቆነጥጠኝ ስትል ግን ፊቴን አይታ ተወችው።

"ይሂድ" አልኩ ደግሜ። ሌላ የምጨምረው አልነበረኝም። እንደዚያ ብዬ የቀሚሷን ጫፍ ያዝኩ።

 ከዚያ ሐጂ ከድር ጥምጣማቸውን አወለቁ፣ ወደ ኳሱ ከረጢት ሄዱና ተቀመጡበት። ኳሶቹ ከሥራቸው ተንሸራተው ሊጥሏቸው ነበር፤ ጋሽ ወርቁ ክንዳቸውን ያዙና እሳቸውም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። በመጨረሻ አዳዳ ወንበሩን ሳበች። ሽማግሌ ሲቀመጥ ነገሩ አለቀ ማለት እንደሆነ ያኔ አላውቅም። ኮች ግን ያውቅ ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ካልሲውን ምስማር ላይ ሲሰቅል ብዙ ቆየ።

 ስንመለስ አዳዳ መንገድ ላይ ሸንኮራ ገዝታ ለሁለት ሰበረችልን። ግማሽ መንገድ ላይ፣ ወደ ፊት ብቻ እያየች፣ "ቢፍቱ፣ አንቺስ አባትሽን ትጠብቂያለሽ?" አለችኝ።

"አይ" አልኳት። እውነቴን ነበር፣ ደግሞም ላስደስታት ፈልጌ ነበር። "እኔም ለምጃለሁ።"

አዳዳ ቆመች። ሸንኮራው አፏ ውስጥ ነበር፤ አላኘከችውም። ጉልበቷን ያማት መስሎኝ "ባጃጅ ላስቁም?" አልኳት። "ኮንትራት?" አለችኝ፤ ሳቀችና ጭንቅላቴን ወደ ሆዷ አስጠጋችው። ቀሚሷ ካውያ ካውያ ይሸታል።

የዚያን ቀን ቤት እንደገባን ስልክ ደወለች። በሩን ገርበብ አድርጋዋለች። ከአባቴ ጋር በኦሮምኛ ነበር የምታወራው፤ በጣም ስትቆጣ አማርኛዋ ያልቅባታል። ሁሉንም አልሰማሁም። አንዱን ቃል ግን ደጋግማ ትለዋለች። "ኮቱ!" ትለዋለች። "ጉታ፣ ኮቱ!" ና፣ ማለት ነው።

በማግስቱ ባነሩን ጭኔ ላይ ዘረጋችልኝና ምላጩን ሰጠችኝ። "'አት' የሚለውን ተርትሪው" አለችኝ። እንደዚያ ያለ ትልቅ ሥራ ተሰጥቶኝ አያውቅም። ሁለቱን ፊደሎች ክር በክር ፈታኋቸው። "ኮች ሂድ" ሆነ።

"አዳዳ፣ ይሄ ስድብ ነው።"

"ቆይ እንጂ" አለች። በሁለቱ ፊደሎች ቦታ "በሰላም" የሚለውን ልትሰፋ ፈልጋ ነበር፤ አራት ፊደል ስለሆነ አልበቃ አለ። አሳነሰቻቸው፤ አሁንም አልበቃም። በመጨረሻ "ም"ን "ሂድ" ራስ ላይ ሰቀለቻት። ባነሩን ያየ ሁሉ ፊደል የማታውቅ ሴት የሰፋችው ይመስለዋል። አዳዳ ግን ግድ አልሰጣትም።

ነገሩ ለደጋፊው ቀላል አልሆነም። አንድ ጎረምሳ በረንዳችን ድረስ መጥቶ "እትዬ ሌንሳ፣ እኛ አትሂድ በይው ብለን ላክንሽ፤ አንቺ በር ከፍተሽለት መጣሽ!" ብሎ ጮኸባት። ከኋላው ሌሎችም ነበሩ። አዳዳ የኮችን ምክንያት ልትነግራቸው ትችል ነበር። የሰው ቤት ነገር ነው ብላ አልነገረችም። መኪናዋን አቁማ "ልጄ፣ እሱን ቤቱ የሚጠብቀው ሰው አለ" አለች። "እኛ ብዙ ነን። እርስ በርሳችን እንጠባበቃለን።" ልጁ ወደ ጓደኞቹ ዞር አለ። ከዚያ "ፊሽካውን ግን ትነፊያለሽ አይደል?" አላት፤ ድምፁ ልክ የታናሽ ወንድም ድምፅ ሆኖ ነበር።

የመጨረሻው ጨዋታ ግንቦት ውስጥ ነበር፤ በሜዳችን። ካሸነፍን ዋንጫው የእኛ ነው ተብሏል። ፀሐዩ ሲሚንቶውን አግሎት ካርቶን አንጥፈን ነው የተቀመጥነው። ከተማው ሁሉ ብርቱካንማ ለብሷል፤ ብርቱካንማ ልብስ የሌለው የሴት ሻርፕ አስሯል። አዳዳ ፊሽካዋን ነፋች። በዝምታው ቀን የታፈነው ድምፅ ሁሉ አንድ ላይ ፈነዳ። አዳዳ "ኮች!" ስትል ሰዉ "በሰላም!" ይላል፣ እሷ እያለቀሰች ትስቃለች።

ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ከታች ደረጃ ደረጃውን አንድ ሰው "ይቅርታ፣ ይቅርታ" እያለ ሲወጣ አየሁ። ሸሚዙ አቧራ ነው፤ ዓይኑ ደም መስሏል። አባቴ ነበር። ከበረሃው ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ፣ መኪናውን ከስታዲየሙ ውጭ አቁሞ ነው የመጣው። አዳዳ ከራሷ አንገት ሻርፕ አውልቃ አንገቱ ላይ ጠመጠመችና ከጎኔ አስቀመጠችው።

እጄን ያዘ። መዳፉ እንደ ሸራ ሻካራ ነው። "የእኛ የትኞቹ ናቸው?" አለኝ።

"ብርቱካኖቹ። ሰባት ቁጥርን እየው። ሲወድቅ አያለቅስም።" ከዚያ ያን የሽንፈት ቀን አስታወስኩና "አንድ ቀን ብቻ አልቅሷል" አልኩት።

"እሺ" አለ፤ እያየው ቆየ። "አደግሽ" ሳይለኝ ቀረ። ሜዳውን እያየ፣ ስለ ኳሱ የሚያወራ መስሎ፣ "ከክረምት በኋላ ከአዳማ አሰላ መስመር ነው የምሠራው" አለኝ። "አነስተኛ መኪና ነው። ጠዋት እሄዳለሁ፣ ማታ ቤት ነኝ።"

"እሺ" አልኩት። ከዚህ ሌላ ብናገር ነገሩ የሚፈርስ መሰለኝ።

አቻ ወጣን። ዋንጫው ለሌሎች ሆነ። ግን ማንም ከስታዲየም አልወጣም። ዳኛው የመጨረሻውን ሲነፋ ከመሸነፍም ከማሸነፍም የማይቆጠር አንድ ጩኸት ተነሳ፤ ሰዉ ሁሉ ከካርቶኑ ላይ ብድግ አለ። "የኮች ልጅ መጣች! ልጁን ይዟት እየዞረ ነው!" ይላሉ። "ትከሻው ላይ አድርጓታል!"

እኔ ግን አልተነሳሁም። አባቴ ከዕረፍት በኋላ ብዙም ሳይቆይ እንቅልፍ ጥሎት ነበር። መጀመሪያ ጭንቅላቱ ወደ ፊት ደፋ ደፋ አለ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ከባድ ነበር። ትከሻዬ ደንዝዟል፤ ሻርፑ አንገቴን ይበላኛል። በዚያ ሁሉ ከበሮና ጩኸት መሃል አልነቃም። ፊት ለፊቴ የሚታየኝ የሰው ጀርባና እግር ብቻ ነው፤ በእግሮቹ መሃል ትንሽ አረንጓዴ ሣር፣ ከዚያ በላይ ምንም።

"ቢፍቱ!" አለች አዳዳ ዞር ብላ። "ተነሺ እንጂ! በእኛ በኩል ደርሷል! አታዪውም?"

ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ።

ፊሽካዋን ልትነፋ ወደ አፏ አስጠግታ ነበር። ታናሽ ወንድሟን አየችው፤ እኔን አየችኝ። ፊሽካውን አወረደች። ሰዉ ስሟን እየጠራ ነበር፤ "እትዬ ሌንሳ! አስጀምሪን!" ይላል። እሷ ግን ጀርባዋን ለሜዳው ሰጠች፣ ነጠላዋን በሁለት እጇ ወጥራ ያዘች፤ ፀሐዩ ፊቱ ላይ እንዳይወድቅ።